በመያዣነት የኖርኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት አንድ ኮት ላሳጥር ሜፕልዉድ ሞል ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ የእንፋሎት ካውያዋን እርጥብ ሱፍ ላይ ስታሳርፈው ሽታው መጣና አፍንጫዬን መታኝ፤ ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ «አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች። እኔ ግን እዚያ የለሁም። አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አሁን ምን ያደርገኝ ይሆን እያልኩ እጁን እጁን አያለሁ። ሳቄ አመለጠኝ። ይሄን ነገር ለሰው ብናገር ይስቅብኛል ብዬ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ፤ እንግዲህ ዛሬ ይውጣልኝ።

ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን እንዳይመስላችሁ። የሚኒሶታውን ነው የምለው፣ ትንፋሽ ሻርፕ ላይ በረዶ የሚሆንበትን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2006 ገና መግባቱ ነበር። የምንኖረው ክሪስታል የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አባዬ፣ እማዬና እኔ ብቻ። አባዬ ሰይድ ይባላል፤ ፕሊማውዝ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ለሆስፒታል የሚሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ይገጣጥማል፣ ከሰዓት በኋላ ገብቶ እኩለ ሌሊት ነው የሚወጣው። እማዬ ጥሩነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አባዬ ሙስሊም ነው፣ እማዬ ክርስቲያን ነች፣ ሁለቱም የደሴ ልጆች ናቸው። ወሎ ውስጥ ይሄ ምንም ጉድ የለውም፤ ጉድ የሚለው ሌላው ነው።

የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘለቀ ደግሞ ከኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት የሚርቅ ሌላ ከተማ፣ ሜፕልዉድ ነው ያለው። ብቻውን ይኖራል፣ ሞሉ ውስጥ ልብስ የሚያጠብና የሚያሳጥር ትንሽ ሱቅ አለው። እማዬን ያሳደጋት እሱ ነው። አባዬ «ሐያት» ብሎ ያወጣልኝን ስም ጋሼ ዘለቀ አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም፤ «ሕይወት» ነው የሚለኝ። ትርጉሙ አንድ ስለሆነ ማንም አይከፋውም፣ እኔም ለሁለቱም አቤት እላለሁ። በእንግሊዝኛ ከመለስኩለት ግን አይሰማኝም፤ ጆሮው ይደነቁራል። ይህን የምጽፍበት አማርኛ በአብዛኛው የሱ ሥራ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከእረፍት እንደተመለስን አስተማሪያችን ሚስ ሃልቨርሰን የሱፍ ኮፍያዋን ይዛ በየወንበሩ ዞረች። ውስጡ የታጠፉ ወረቀቶች አሉ። የጥንቷን እንግሊዝ እየተማርን ስለነበር እያንዳንዳችን አንድ ሰው አውጥተን፣ የካቲት ላይ የዚያን ሰው ልብስ ለብሰን፣ «እኔ እገሌ ነኝ» ብለን ክፍሉ ፊት መቆም አለብን። ጎኔ ለተቀመጠችው ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ወጣላት። ለኔ ባላባት፣ ኧርል ሃሞንድ። እንዲህ የሚባል ሰው ኖሮ እንደማያውቅ፣ ሚስ ሃልቨርሰን ከብዙ ባላባቶች ታሪክ ቀጣጥላ እንደሠራችው የነገረችን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ እንደ ጎረቤቴ አምኜው ነበር።

ወረቀቱን ለአባዬና ለእማዬ ያነበብኩላቸው በእኛ ገና ዕለት፣ ወደ ጋሼ ዘለቀ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ነው። አባዬ ድራይቭ ያደርጋል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አስተረጉማለሁ።

«ኧርል ማለት ምንድነው?» አለ አባዬ።

«እንደ ትልቅ ሰው ነገር። መሬት ያለው፣ ወታደር ያለው።»

«ደጃዝማች በይዋ! ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። የሃሞንድ አባት የንጉሡ ሰው ነው። የእናቱ ወንድም ግን በንጉሡ ላይ ሸፍቶ ምሽጉ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱ ሰዎች ለጊዜው ታረቁና፣ አባትየው ቃሉን እንደሚጠብቅ ማረጋገጫ እንዲሆን ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ሃሞንድን ለአጎቱ በመያዣነት ሰጠው። የእነሱ ልማድ እንዲህ ነው። አባት ቃሉን ካፈረሰ መያዣው ልጅ ከምሽጉ ግድግዳ ላይ፣ አባቱ እያየ ይሰቀላል። ሃሞንድ አልተሰቀለም፤ አጎቱ ቤት አደገ፣ አጎቱን ወደደው። ካደገ በኋላ ንጉሡ ጠራውና «ሂድ የአጎትህን ምሽግ ክበብ» አለው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ኧርል ሃሞንድ፣ ከማን ጋር ትቆማለህ?

«አይ ሰውዬው!» አለ አባዬ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይምረጣ!»

«ምን ብሎ ነው የሚመርጠው?» አለች እማዬ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ። «አንዱ አባቱ፣ አንዱ አጎቱ!»

ጋሼ ዘለቀ ቤት በዓል ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት ድስት ነው የሚጣደው። አንዱ ለእንግዳው ሁሉ፣ ሌላው ለአባዬና ለኔ። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም። አባዬ ጨጓራ ስላለበት በርበሬ የቀነሱለት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ እኔን ደግሞ ልጅ ስለሆንኩ ከሱ ጋር ያበሉኛል። እንዲህ ብዬ ዓመታት በልቻለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

የዚያን ቀን ምግቡ መሀል ላይ ጋሼ ዘለቀ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። ሞቅ ብሎታል። እንግዶቹን በሙሉ ዞር ዞር ብሎ አየና «የሚወለደው ወንድ ነው ተብሏል! የአባታችንን ስም አወጣለታለሁ፣ ወልደ ሥላሴ! ክርስትና የማነሳውም እኔው ነኝ!» አለ። ሰው አጨበጨበ። እማዬ አንገቷን ደፋች። አባዬ የጠቀለላት ጉርሻ እጁ ላይ ነበረች፤ ቀስ ብሎ ሰሃኑ ላይ መለሳት።

«ልጁ አባት አለው» አለና ተነሳ። እጁን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ።

ሰው ከማዕድ ሳይጨርስ ተነስቶ መሄዱ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ከጋሼ ዘለቀ ፊት ነው። ቀልቶ የነበረው ሰውዬ አመድ መሰለ። ደረጃውን ስንወርድ ከላይ ድምፁ ይሰማል፦ «ከማዕዴ ተነሳ! እኔ ዘለቀ፣ ከማዕዴ ተነሳብኝ!» መኪና ውስጥ አባዬም ለራሱ ያወራል፦ «ሳልሞት ልጄን ይውረሰኝ እንዴ? ወላሂ!» እማዬ ታለቅሳለች። ደጃዝማች ሃሞንድን ማንም አላነሳውም።

በሦስተኛው ቀን አረፋ ነበር። ጋሼ ዘለቀ በየዓመቱ አረፋን እኛ ጋ ነው የሚውለው፤ አልመጣም። አልደወለም። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ የእማዬ ደም ግፊት አሻቀበ፤ አንድ ጠዋት አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ዶክተሮቹ እስክትወልድ ከሆስፒታል አልጋ አትነሳም አሉ። አባዬ ሺፍቱን ቢተው ኢንሹራንሱ ይቋረጣል፣ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ የእማዬ ሆስፒታል የለም። ማታ ማታ እኔን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ይህ አሁን የገባኝ ነው። ያኔ የማውቀው አባዬ ቦርሳዬን አዘጋጅቶ «ተነሺ፣ ሜፕልዉድ ልትቆዪ ነው» እንዳለኝ ብቻ ነው።

ሜፕልዉድ! ጋሼ ዘለቀ ጋ!

የጋሼ ዘለቀ አፓርትመንት ፓርኪንግ ደርሰን አባዬ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ። ጋሼ ዘለቀ በቤት ነጠላ ጫማ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። አባዬ ወርዶ ቦርሳዬን ከኋላ አወጣ። ያኛው እጁን ዘረጋ፣ ይሄኛው ሰጠው። ቃል አልተለዋወጡም። እንዴት ነህ የለ፣ ደህና ዋል የለ! ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ ሰዎች እኮ ናቸው። አባዬ ግንባሬን ሳመኝና «ጎበዝ ሁኚ» ብሎ ሄደ። እኔ ቦርሳዬን፣ አጎቴን፣ የሚርቀውን መኪና ተራ በተራ አየሁ፤ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። በመያዣነት ተሰጥቻለሁ።

አሁን ያስቃል። ያኔ ግን ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው የወጣሁት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በረንዳ አለው። በረንዳው ከታች ይታያል። አባዬ ቃሉን ካፈረሰ የምሰቀለው እዚያ ላይ ነው ማለት ነው። ምን ቃል እንደሰጠ አላውቅም፤ ግን ያለ ቃል መያዣ የለም። ጋሼ ዘለቀ በዚያ በረንዳ እንደ ፍሪጅ ነበር የሚጠቀመው፣ ከውጭው ብርድ የሚበልጥ ፍሪጅ የለማ። «ሕይወት፣ በረንዳ ላይ ያለውን ፌስታል አምጪልኝ» ባለኝ ቁጥር «ይበርደኛል» እላለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሁለት እርምጃ እኮ ነው!» ይለኛል። ሁለት እርምጃማ በቂ ነች!

ደግ አልነበረም ወይ ብትሉኝ፣ ደግነቱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አልጋውን ለቆልኝ ሶፋ ላይ ይተኛል። ትምህርት ቤቴ እንዳይቀየር በየቀኑ ጠዋት ከሜፕልዉድ ክሪስታል ድረስ ያደርሰኛል፣ ተመልሶ ሱቁን ይከፍታል፣ ከሰዓት እንደገና ይመጣል። ከትምህርት በኋላ ሱቁ ውስጥ በርጩማዋ ላይ እቀመጣለሁ። ካውያው ይተነፍሳል፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ያንጎራጉራል፣ ትልቁ መቀስ ጠረጴዛው ላይ እጁ አጠገብ አለ። የሃሞንድም አጎት ለሃሞንድ ደግ ነበረ። ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው።

ትልቁ ማስረጃዬ ግን ድስቱ ነበር። በገባሁ በማግስቱ ጋሼ ዘለቀ አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላ፣ አዲስ ጭልፋ ይዞ መጣ። ሦስቱም ላይ ከሱቁ ባመጣው ቀይ ክር ምልክት አሰረባቸው። ለኔ በዚያ ይሠራል፣ ለራሱ በሌላ። ስጋውን እንኳን ከሰፈሩ አይገዛም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄደን ከአንድ ሶማሌ ሱቅ ያመጣል፣ እሱንም ለብቻው ፌስታል ውስጥ በቀይ ክር አስሮ በረንዳ ላይ ያስቀምጣል። አባዬ እዚህ የለም፤ እኔ ደግሞ ጨጓራ የለብኝም። ታዲያ ድስቴ ለምን ተለየ? እስረኛ ስለሆንኩ ነዋ! ተጸይፎኛል፣ የአባቴ ወገን ነኝ። ይሄ ከበረንዳው ይልቅ ነበር የሚያመኝ። ጋሼ ዘለቀን እወደው ነበር።

አባዬ በየማታው በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእረፍቱ ይደውላል። ጋሼ ዘለቀ ስልኩን ያያል፣ አያነሳም፤ «አባትሽ ነው» ብሎ ይሰጠኛል። ከዚያ ወደ ኩሽና ይሄዳል፣ ግን ቧንቧውን ይዘጋዋል፤ ይሰማል ማለት ነው።

«ሞቆሻል? በልተሻል?»

«አዎ። አባዬ፣ ቃልህን ጠብቅ እሺ?»

«የምን ቃል?»

«ዝም ብለህ ጠብቅ በቃ!»

«እሺ የኔ እናት» ይላል ግራ ገብቶት። ከኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማል።

ጋሼ ዘለቀ ስለ ሃሞንድ ስነግረው መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ አዳመጠኝ። «ይሄ ሰውዬ ከሁለት ያጣ ጎመን ሊሆን ነው» አለና ካባውን ሊሰፋልኝ ተነሳ። እነዚያ ባላባቶች ከሁለት ወገን ሲወለዱ ካባቸው ላይ ያለውን የቤተሰብ ምልክት ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን የአባት ግማሹን የእናት ያደርጉት ነበር፤ ሚስ ሃልቨርሰን ስዕል ሰጥታናለች። ጋሼ ዘለቀ አንድ ደንበኛ አሳጥሩልኝ ብላ ትታው ከጠፋችው የቬሎር መጋረጃ ቀዩን ግማሽ ቆረጠ፣ ከአንድ አሮጌ የክረምት ኮት ደግሞ ሰማያዊውን። «ቀኙ የአባት ነው፣ ሰማያዊው ይሁን» አለ። ሰፍቶ ጨርሶ አለበሰኝ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አየኝ፣ ፊቱን አጨፈገገ። ከዚያ አወለቀልኝና ስፌቱን መተርተር ጀመረ።

«ምን ሆነ?»

«የአባትሽ ወገን ጠቧል። ያስቀይማል።»

እንደገና ሰፋው። እንደገና አለበሰኝ። አሁንም አልጣመውም፤ አሁንም ተረተረው። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር ካባው እንደሚያምር ብቻ ነው። ልጅ ጅል ነው።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ሐሙስ ማታ ነው። የጋሼ ዘለቀ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ለእራት መጣና፣ እየቀለደ ከጋሼ ዘለቀ ድስት ያወጣውን ጭልፋ ወደኔ ድስት ሰደደ። ጋሼ ዘለቀ እጁን በጥፊ መታው! «እሱን አትንካ! በስመ አብ! የልጅቷ ነው አላልኩህም?» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ክው አለ፣ እኔም ክው አልኩ። ከገናው ቀን በቀር ጋሼ ዘለቀ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ያን ማታ አባዬ ሲደውል ስልኩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«አባዬ፣ ለብቻዬ ነው የሚያበላኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ድስቴ ለብቻ ነው። ቢላው፣ ጭልፋው ሁሉ ለብቻ። ቀይ ክር አስሮበታል፣ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ዛሬ አንድ ሰው ነክቶ መታው።» ማልቀስ ጀመርኩ።

ከኋላው ማሽኑ ይጮሃል። «ድስቱን የገዛው መቼ ነው?» አለኝ።

«በመጣሁ በማግስቱ።»

«ስጋውንስ ከየት ነው የሚያመጣው?»

«ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ። ከሶማሌዎቹ።»

በማላውቀው ድምፅ «እሁድ እመጣለሁ» አለና ዘጋው።

ወየው ጉዴ! ምን አደረግኩ? ወገኖቼ፣ ጦርነት ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አርብና ቅዳሜ እህል አልወርድ አለኝ። አባዬ ቢያሸንፍ ጋሼ ዘለቀን አጣለሁ፤ ጋሼ ዘለቀ ቢያሸንፍ አባዬን። ሃሞንድ ቢያንስ ወታደር ነበረው፣ እኔ ያለኝ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው። እሁድ ጠዋት ጋሼ ዘለቀ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ (ከጎረቤታችን ከአንዲት አሮጊት ጋር ትቶኝ ነበር የሄደው፣ እሷ ግን ወንበሯ ላይ አንቀላፍታለች) ቤት ያስቀመጠውን መቀስ ሶፋው ስር ደበቅኩት። የኩሽና ቢላዎቹን ሁሉ፣ የኔን ባለ ቀይ ክሩንም ጭምር፣ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጋሼ ዘለቀ መጥቶ ሽንኩርት ሊከትፍ ሲል ቢላ የለም። «በእመብርሃን! ይሄ ቤት ምን ነካው?» እያለ ይዞራል። አልተናገርኩም። መጨረሻ ላይ ሽንኩርቱን በስኳር ማንኪያ ጨፍልቆ ጣደው።

በሩ ተንኳኳ። ሄጄ ከፈትኩ። አባዬ ጫማውን አውልቆ፣ በረዶ ትከሻው ላይ እንዳለ ገባ። ጋሼ ዘለቀ ከምድጃው ዞረ። ተያዩ። መሀላቸው ቆምኩ፤ ግድግዳ የምሆን መስሎኝ።

አባዬ አልፎኝ ሄደ። ምድጃው ጋ ደረሰ፣ የድስቴን ክዳን አነሳ፣ ቀዩን ክር በጣቱ ነካው። ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ጋሼ» አለ ሳይዞር። «ከዚህ ድስት ለኔም ይደርሳል?»

«ያንተው ነው» አለ ጋሼ ዘለቀ። የሱም ድምፅ ልክ አልነበረም። «ባለፈው ሳትጨርስ ነው የተነሳኸው። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰሃን ቀረበ፣ አንዱ ከዚያኛው ድስት፣ አንዱ ከኛው። ጋሼ ዘለቀ ገና ከራሱ ሰሃን ሳይነካ እጁን ታጥቦ መጣ፣ ከአባዬ ሰሃን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «እንካ ሰይዶ» አለው። ሰይዶ! ከገና ወዲህ ያን ስም አልሰማሁትም ነበር። አባዬ አፉን ከፍቶ ጎረሰ፣ እንባው እየወረደ ያኝካል። ጋሼ ዘለቀ «ስሙን እኔ ማውጣት አልነበረብኝም፣ መጠጡ ነው» አለ። አባዬም «እኔም ከማዕድ መነሳት አልነበረብኝም፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው» አለ። በቃ። ይኸው ነው። አምስት ሳምንት ያስጨነቀኝ ጦርነት እንዲህ አለቀ።

«አባዬ፣ ጨጓራህ ተሻለህ?» አልኩት፣ ጉርሻው ትልቅ ስለነበር።

«የምን ጨጓራ?»

ነገርኳቸው። ሁለቱም ሰው የሚሞት እስኪመስል ሳቁ። ከዚያ አባዬ አስረዳኝ። ክርስቲያን የእስላም እርድ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን አይበላም። ደሴ ላይ ሠርግ ሲደገስ ባለቤቱ ክርስቲያን ቢሆን ለእስላም ጎረቤቶቹ እስላም ጠርቶ ለብቻው ያሳርዳል፣ በነሱው ዕቃ ያሠራል፤ እስላም ሲደግስም እንዲሁ። ሁሉም መጥቶ አንድ ዳስ ውስጥ ይበላል። ጭልፋ የቀላቀለ ሰው ያንን ዳስ አፈረሰ ማለት ነው፣ ትልቅ ነውር ነው። «አጎትሽ ተቆጥቶኝም እያለ፣ እኔ የማላየው ቤቱ ውስጥ፣ የኔን ድስት ሲጠብቅልኝ ነው የከረመው» አለኝ። ጋሼ ዘለቀ «በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለ። ቢላዎቹን ከካልሲው መሳቢያ ሳወጣቸው ደግሞ እንደገና ሳቁ፣ መቀሱን ግን ሁላችንም ረስተነው ሁለት ሳምንት ሶፋው ስር ከረመ።

ክፍሉ ፊት የቆምኩት በዚያው ሳምንት ነው። ካባው አምሮብኛል፣ ሁለቱ ወገን እኩል ነው። ሚስ ሃልቨርሰን «ኧርል ሃሞንድ፣ ከማን ጋር ትቆማለህ?» አለችኝ።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አልኩ።

ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች እመርጣለሁ፣ መጀመሪያ ንጉሡ ጋ፣ ከዚያ አጎቴ ጋ ይሄዳሉ፣ ካልሆነም ይመላለሳሉ፣ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ዛት ኢዝ ቺቲንግ!» አለ። ሚስ ሃልቨርሰንም ፈገግ ብላ እዚያ ዘመን ኧርሉ እንዲህ ያለ መንገድ እንዳልነበረው፣ የግድ መምረጥ እንዳለበት ነገረችኝ።

«እሺ፣ እንግዲያው ምሽጉ ውስጥ እገባና ከአጎቴ ጋር ምሳ እበላለሁ» አልኳት። «ከዚያ ወጥቼ ከንጉሡ ጋር እራት እበላለሁ። አብሬ ከበላሁ በኋላ ግን ከማንኛቸውም ጋር አልዋጋም።»

ቢ ሰጠችኝ። ከስሩ «ምንጭሽ የት አለ?» ብላ ጽፋበታለች።

ወንድሜ መጋቢት ላይ ተወለደ፣ ከነ ጤናው፣ እማዬም ደህና። ጋሼ ዘለቀ ሆስፒታል ድረስ አመጣኝ። እማዬ ማንንም ሳትጠይቅ ስሙን አውጥታ ወረቀቱ ላይ ፈርማለታለች፣ ይርጋ። «ይርጋልኝ እስቲ አሁንስ! ሁለታችሁም አፍ የላችሁም!» አለች ከትራሷ ቀና ብላ። አባዬና ጋሼ ዘለቀ ጎን ለጎን ቆመው እንደ ተማሪ «እሺ» አሉ። ከዚያ ጋሼ ዘለቀ ሕፃኑን ይዞ መስኮቱ ጋ ሲንጎራደድ፣ አባዬና እኔ ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባዬ ከሁለት ቀን በላይ አልተኛም፤ ድንች ጥብስ ከፌስታሉ እያወጣን እንበላለን። ወደ ቤት ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት ግን ማወቅ ነበረብኝ።

«አባዬ፣ መያዣ ነበርኩ አይደል? እንደ ሃሞንድ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወ።

«እናትሽን አምቡላንስ የወሰዳት ቀን» አለኝ፣ «ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየሁት። የሥራ ጓደኛ አለ፣ የመስጊድ ሰው አለ፣ ጎረቤት አለ። ከሁሉም ጋር ሰላም ነኝ። አንዳቸው ጋ ግን አንቺን ለመተው እጄ እሺ አላለኝም። ተጣልቼ የነበረው ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ እሱ ጋ ደወልኩ።»

«ምን አልከው?»

«"ልጄን ላምጣት?" አልኩት።»

«እሱስ?»

«"እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩ። እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አልነበረም፣ ምን እንደሆነ ያኔ ስም አልነበረኝም። አሁን አለኝ፣ እፎይታ ነው። ፌስታሉ እጄ ላይ እንዳለ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።